ዓይን ሲበጫ፣ ሆድ ሲያብጥ
የጉበት፣ የሐሞት ቱቦና የቆሽት ካንሰር በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

ጉበት፣ የሐሞት ቱቦና ቆሽት የአንድ ግቢ ጎረቤቶች ናቸው። ጉበት ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ተንጣሎ ይቀመጣል። የሚያመነጨው ሐሞት በቀጭን ቱቦ ይወርድና በቆሽት ራስ በኩል ሾልኮ ወደ ትንሹ አንጀት መግቢያ ይፈሳል። ቆሽት ደግሞ ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽና የደም ስኳርን የሚገዛ ኢንሱሊን ያመነጫል። በዚህች ጠባብ መንገድ ላይ ዕጢ ከበቀለ ሐሞት መሄጃ ያጣል፤ ወደ ደም ይመለስና ዓይንን ያበጫል። የሕክምና መጻሕፍት ሦስቱን ካንሰሮች በአንድ ምዕራፍ የሚያሰፍሯቸው በዚህ ጉርብትና የተነሳ ነው። መነሻቸውና አካሄዳቸው ግን የየራሱ ነው።

አማርኛ እነዚህን አካላት ከሐኪም ቀድሞ ሥራ ሰጥቷቸዋል። የተናደደ ሰው ቆሽቱ ያርራል፤ የፈራ ሐሞቱ ይፈሳል፤ የማይበገር ሰው ሐሞተ ኮስታራ ይባላል። ቆሽት የት እንዳለ በጣት አሳይ ቢባል ግን አብዛኛው ሰው ሆዱን በመላ ይዳስሳል። በስም የታወቀ፣ በአካል ያልታወቀ ነገር ሲታመም ቶሎ ልብ አይባልም።

ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ደጋውን እየተወ ገንዳ ውሃ ይደርሳል፤ ከዚያ መተማ ዮሐንስ፤ ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት። አፄ ዮሐንስ ፬ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት አገር ነው፤ የድንበር ከተማዋም በስማቸው ትጠራለች። ዛሬ አገሩን የሚያንቀሳቅሱት ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ናቸው። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው በሺዎች የሚቆጠር የጉልበት ሠራተኛ በረሃ ይወርዳል፤ በዋልካው መሬት ላይ፣ ከግራር ሥር ያድራል፤ የማሽላ እንጀራ ይበላል፤ ከኩሬና ከወንዝ ይጠጣል። የታመመውም በዚያው መንገድ ወደ ጎንደር ይመለሳል።

የግራ ጎን፣ የቀኝ ጎን

በቆላው ጤና ጣቢያ ከአጨዳ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚመጣው ሕመምተኛ መልክ ይታወቃል። ወጣት ወይም ጎልማሳ ወንድ ነው፤ ከስቷል፤ ሆዱ ግን ተነፍቷል። ነርሱ አልጋ ላይ አስተኝቶ በመጀመሪያ የሚዳስሰው የግራውን ጎን ነው። ከግራ ጎድን ሥር ወጥቶ እስከ እምብርት የሚወርድ ጠንካራ ነገር ካገኘ ጣፊያ ነው፤ በዚህ አገር ያበጠ ጣፊያና የማይለቅ ትኩሳት በአንድ ላይ ከተገኙ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካላዛር ነው። ከጣት ጫፍ የተወሰደች የደም ጠብታ በቀጭን ወረቀት ላይ ትደረጋለች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለት ቀይ መስመር ከወጣ ሕክምናው ይጀመራል። ይህን ሥራ የቆላው ባለሙያ በደንብ ለምዶታል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአብዱራፊ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በ2004 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የሌሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከሉ ለዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል።

አንዳንዴ ግን እጅ የሚያርፈው በቀኝ በኩል ነው። ጉበቱ ከጎድን ሥር ወርዶ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ጠርዙ ይጎረብጣል፤ ሲነካ ያማል። ሆዱ ውሃ ቋጥሯል፤ እግሩ አብጧል፤ ክንዱ ግን አጥንት ሆኗል። የካላዛሩ ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ያሳያል። የወባው ምርመራም ነፃ ይላል። እዚህ ላይ መንገዱ ይጠፋል። ያው የጣት ደም በሌላ ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት ቫይረስ ያሳይ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ሁልጊዜ እጅ ላይ አይገኝም፤ ቢገኝም ለእርጉዞችና ለደም ለጋሾች እንጂ ሆዱ ላበጠ ገበሬ ማዘዝ አልተለመደም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ቆላው ሆድ የሚያሳብጡ በሽታዎችን በአንድ ላይ መያዙ ነው። ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣል፤ ተመላልሶ የሚይዝ ወባም እንዲሁ። ከወንዝ ውሃ በቆዳ የሚገባው ቢልሃርዝያ በጉበት ደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ እየጣለ ከዓመታት በኋላ ጣፊያንም ሆድንም ይነፋል። በቫይረስ ወይም በመጠጥ የቆሰለና የተኮማተረ ጉበት፣ ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት፣ ከዚሁ ጋር አንድ መልክ አለው። የጉበት ካንሰር የሚበቅለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በተኮማተረ ጉበት ላይ ነው። ስለዚህ ለካላዛር ብሎ ከግራ ጎን የጀመረ እጅ ወደ ቀኝ ካልተሻገረ ካንሰሩ በሌላ በሽታ ስም ተደብቆ ይከርማል።

ሌላም ጠማማ ነገር አለ። ካላዛርን ለማከም የሚሰጠው የአንቲሞኒ መርፌ ጉበትንና ቆሽትን የሚያስቆጣ መድኃኒት ነው። በሕክምናው መሐል የሆድ ሕመምና ትውከት የጀመረው ሰው ቆሽቱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ቁጣው መድኃኒቱ ሲቆም የሚበርድ ነው፤ ካንሰር አይደለም። ሁለቱን የማያምታታ ባለሙያ ግን ያስፈልጋል።

> ከግራ ጎን የጀመረ እጅ ወደ ቀኝ ካልተሻገረ ካንሰሩ በሌላ በሽታ ስም ተደብቆ ይከርማል።

በልጅነት የገባ እንግዳ

በአፍሪካ የጉበት ካንሰር ዋናው መነሻ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱን አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ ያገኘው ሳይፈልገው ነበር፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የሰዎችን የደም ልዩነት ሲያጠና ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ ነገር አየ። በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና ጥርጥር በማይገባው መንገድ ያሳየው ግን በ1981 የወጣው የታይዋን ጥናት ነው። ወደ 22,700 የሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኛ ወንዶች ለዓመታት ሲከታተሏቸው፣ ቫይረሱን የተሸከሙት በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ200 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በሕክምና ታሪክ እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት እምብዛም አይታይም።

ቫይረሱ ጎልማሳ ላይ ሲገባ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ያባርረዋል። ሕፃን ላይ ከገባ ግን ይቀመጣል፤ ለሃያ፣ ለሠላሳ ዓመት ምንም ሳያሳምም ጉበትን እያቆሰለ ይኖራል። የሚገባውም በብዙ በር ነው፤ በወሊድ ጊዜ ከእናት፣ አብረው በሚያድጉ ሕፃናት ቁስልና ጭረት፣ በጋራ ምላጭ፣ እንጥል በሚቆረጥበት ቢላ፣ በንቅሳት መርፌ፣ በዋግምት፣ በኋላም በግብረ ሥጋ ግንኙነት። አብሮ መብላት፣ መጨባበጥና መሳሳም ግን አያስተላልፈውም፤ ይህን ሳያውቁ በበሽታው የተያዘን ሰው ሰሐን የሚለዩ ቤተሰቦች አሉ።

ክትባቱ አለ፤ ካንሰርን በመከላከል የመጀመሪያው ክትባትም እሱ ነው። ታይዋን በ1984 ለሕፃናት መስጠት ጀመረች፤ በ1997 የወጣው ሪፖርት በሕፃናት ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር እንደቀነሰ አሳየ። ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ ከሚከላከለው ክትባት ጋር አስገባችው፤ ሕፃኑ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይወጋል። ሁለት ቀዳዳ ይቀራል። አንዱ፣ ዛሬ ሰሊጥ የሚያጭደው ጎልማሳ ከ1999 በፊት የተወለደ መሆኑ ነው። ሌላው ከእናት በወሊድ ዕለት የሚተላለፈው ቫይረስ ስድስተኛውን ሳምንት አለመጠበቁ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ የሚለው ለዚህ ነው። በቆላው ብዙ እናት በቤቷ ትወልዳለች፤ 24 ሰዓት ደግሞ ክረምት ላይ ዋልካው ሲረግድ አጭር ጊዜ ነው።

ወንድሙ ሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም፤ ግን በ12 ሳምንት ኪኒን ከሰውነት ይጠፋል። ቢ አይጠፋም፤ በቴኖፎቪር ኪኒን ግን ተገትቶ ይኖራል። እዚህ ላይ የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አለ። ይኸው ቴኖፎቪር ለኤችአይቪ ሕመምተኛ በነፃ ሲታደል፣ ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለበት ሰው ግን ከኪሱ ሲገዛው ኖሯል። አንድ ኪኒን፣ አንድ መጋዘን፣ ሁለት መስኮት።

የተርኪው ሞትና የማሽላው ሻጋታ

በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የተባሉ ትልልቅ ዶሮ መሰል ወፎች በጥቂት ወራት ውስጥ ረገፉ። ሲመረመር የተመገቡት የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሻግቶ ነበር። ከሻጋታው የወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሰውን በካንሰር እንደሚያሲዙ ከተረጋገጡ ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ የሚያጠቃውም ጉበትን ነው። በራሱ መርዝ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው ጋር ሲገናኝ ግን ሁለቱ እየተደመሩ ሳይሆን እየተባዙ ይሄዳሉ።

ሻጋታው የሚወደው የመተማን የመሰለ አየር ነው፤ ሙቀት፣ ከዝናብ በኋላ የሚቀር እርጥበት፣ ሳይደርቅ የታጨደ እህል። ማሽላ ባልታሰበ ዝናብ ከተመታ፣ ሳይሰጣ ተወቅቶ ማዳበሪያ ውስጥ ከተጨመረ፣ ማዳበሪያውም በባዶ መሬት ላይ ከተደረደረ፣ ከታችኛው ረድፍ ይጀምራል። ማዳበሪያው ሲፈታ መጀመሪያ የሚመጣው ሙቀት ነው፤ እጅ ሲገባ ይሞቃል። ከዚያ የታፈነ ሽታ። ፍሬው እርስ በርስ ተጣብቆ ይወጣል፤ በጣት ሲፈረፈር አረንጓዴና ቢጫ ዱቄት ይቀራል። ሴቶች በሰፌድ እያበጠሩ የጠቆረውን ይለቅማሉ። ያ ልቅምቃሚ አይጣልም፤ ለጠላ ይውላል፤ ወይም ለዶሮ፣ ለከብት ይሰጣል።

ለቅሞ መጣሉ ብዙ መርዝ ያስወግዳል፤ ስለዚህ የሰፌዱ ሥራ ከሕክምና የሚቆጠር ነው። ለጠላ ማዋሉ ግን መርዙን ከእንጀራ ወደ ጣሳ ማዛወር ነው። እሳት አያጠፋውም፤ ምጣድም ሆነ ድስት መርዙ በሚፈራርስበት ሙቀት አይደርስም። ለከብት ሲሰጥ ደግሞ በወተት ይመለሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት በወተት ውስጥ የተገኘው አፍላቶክሲን ለከብቶቹ ከሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ጋር መያያዙ ሲሰማ ከተማው ወተት መጠጣት ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱ በጥቂት ሳምንት አለፈ፤ የፋጉሎው አቀማመጥ ምን ያህል እንደተለወጠ የጠየቀ ብዙ አልነበረም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። እህልን በሸራ ላይ በደንብ ማድረቅ፣ ማዳበሪያን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መደርደር፣ አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት መጠቀም፣ የሻገተን መጣል። በቻይና ቺዶንግ በሚባል አካባቢ ገበሬው ከበቆሎ ወደ ሩዝ ሲዞር የጉበት ካንሰር ቀንሷል። መተማን ማሽላ ተው ማለት አይቻልም፤ አድርቀህ አስቀምጥ ማለት ግን ይቻላል። ባለሀብቶች ለሰሊጥ ማድረቂያና ማስቀመጫ የሚሰጡትን ጥንቃቄ ለሠራተኛ ቀለብ የሚገዛው ማሽላ ቢያገኘው እንኳ ትልቅ ነገር ነበር። ሰሊጡ ወደ ውጭ ገበያ ስለሚሄድ ይመረመራል፤ ማሽላው ወደ ሠራተኛ ሆድ ስለሚሄድ አይመረመርም።

> ሰሊጡ ወደ ውጭ ገበያ ስለሚሄድ ይመረመራል፤ ማሽላው ወደ ሠራተኛ ሆድ ስለሚሄድ አይመረመርም።

መመሪያው ምን ይላል?

የጉበት ካንሰር መመሪያ ከሌሎች ካንሰሮች በአንድ ነገር ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ሥጋ ተቆርሶ መመርመር አያስፈልግም። በተኮማተረ ጉበት ላይ ያለ ዕጢ በሲቲ ስካን ሲታይ መጀመሪያ ደም ጠጥቶ ይደምቃል፤ ወዲያው ከዙሪያው ይደበዝዛል። ይህ መልክ ብቻውን ይበቃል። አልፋ ፌቶፕሮቲን የተባለው የደም ምርመራ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይፈርድም።

ሕክምናው እንደ ዕጢው መጠን፣ እንደ ጉበቱ አቅምና እንደ ሰውየው ጉልበት ይከፋፈላል። ትንሽ ዕጢ ይቆረጣል፤ ወይም በመርፌ ጫፍ ሙቀት ይቃጠላል። በ1996 እ.ኤ.አ. ከሚላን የወጣ መስፈርት አንድ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ወይም እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጡ እስከ ሦስት ዕጢዎች ያሉበት ሰው ጉበት ቢተካለት እንደሚጠቀም አሳይቷል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ኩላሊት በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መተከል ሲጀምር የጉበት ንቅለ ተከላ ግን አብሮ አልተጀመረም። ከዚያ ከፍ ያለው ዕጢ በደም ሥሩ በኩል መድኃኒት ተልኮበት ምግቡ ይዘጋበታል። ለተሰራጨው በ2007 እ.ኤ.አ. ሶራፌኒብ የተባለ ኪኒን መጣ፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሱ መርፌዎች ቦታውን ወስደዋል። በበለጸጉት አገሮችም ቢሆን ዋጋቸው የሚያነጋግር ነው።

ለአፍሪካ ተጣጥመው የተዘጋጁ የካንሰር መመሪያዎች ይህን የዋጋ ነገር በቀለም ይነግሩታል። በሁሉም ቦታ ሊደረግ የሚገባው በጥቁር ይታተማል፤ ጥቅሙ ከወጪው ወይም ከሚጠይቀው መሣሪያ ጋር የማይመጣጠነው በግራጫ። ግልጽነቱ የሚያስመሰግን ነው። ከመተማ የመጣ ሕመምተኛ ሲደርስ የሚቀረው ሕክምና ግን ብዙውን ጊዜ ግራጫው ነው።

ምክንያቱ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በደንብ ይታያል። ኢትዮጵያንና ሱዳንን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች የጉበት ካንሰር ሕመምተኞች ተነጻጸሩ። በግብፅ የሕመምተኞቹ አማካይ ዕድሜ 58 ሲሆን በሌሎቹ 46 ነበር። በግብፅ ከታወቀ በኋላ የሚኖረው ጊዜ 11 ወር ገደማ፣ በሌሎቹ ሁለት ወር ተኩል። ግብፆች የተለየ ጉበት ስላላቸው አይደለም። ለተጋላጮች በየጊዜው አልትራሳውንድ ስለሚያነሱ ዕጢውን ትንሽ ሆኖ ያገኙታል፤ ካገኙትም በኋላ ያክሙታል።

ስለዚህ በመመሪያው ውስጥ ለቆላው የሚሠራው ገጽ የመጀመሪያው ነው፤ ካንሰሩ ሳይመጣ የሚደረገው። ሲሮሲስ ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸውና ለካንሰር ተጋላጭ ከሆኑት ወገን የሆነ፣ በየስድስት ወሩ ጉበቱ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ያወጣው አዲስ መመሪያ ደግሞ የሄፓታይተስ ቢን ሕክምና በር ሰፋ አድርጎ ከፍቷል። ቀድሞ የቫይረሱን ብዛት የሚቆጥር ውድ ምርመራ ይጠየቅ ነበር፤ አሁን እሱ በሌለበት ቦታ የጉበት ኢንዛይም መጠን ተደጋግሞ ከፍ ማለቱ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። የጉበት ጠባሳ መጠንም ከአንድ የኢንዛይምና ከአንድ የደም ሕዋስ ቁጥር በወረቀትና በብዕር ይሰላል።

ስሌቱ በመተማ አንድ ወጥመድ አለበት። ቁጥሩ የሚወጣው ደም የሚያረጋውን ሕዋስ ከታች አድርጎ በማካፈል ነው፤ ያን ሕዋስ ካላዛርም፣ ወባም፣ ቢልሃርዝያም ይቀንሱታል። ያበጠ ጣፊያ ያለበትን ሰው በዚህ ስሌት ብቻ ሲሮሲስ አለው ማለት ስሕተት ነው። ጄኔቫ የተጻፈ መመሪያ ቆላ ሲወርድ በቦታው ሰው እጅ መታረም ያለበት እንዲህ ባለው ነገር ነው።

አገር ውስጥም መነሻ የሚሆን ልምድ አለ። በ2007 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ወደ 1,300 የሚጠጉ ሰዎችን መዝግቦ በቀላል ምርመራ እየለየ ቴኖፎቪር ሲሰጥ፣ በኢትዮጵያ ሁኔታ እንደሚቻል አሳይቷል።

ሳያም የሚያበጫው

የሐሞት ቱቦና የቆሽት ካንሰር ታሪክ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ አይጀምርም፤ በክትባትም አይከለከልም። የቆሽቱ በዕድሜ፣ በትምባሆ፣ በውፍረት፣ በቆየ የቆሽት ቁስለትና በቤተሰብ ዘር ይበረታል። አስቀድሞ የሚያገኘው የጅምላ ምርመራ በየትም አገር የለም። ያለው አንድ ዕድል የዓይኑ ቢጫነት ነው።

በአማርኛ ዓይን ሲበጫ የወፍ በሽታ ይባላል። የሌሊት ወፍ ሸናበት ወይም በላዩ በረረበት ማለት ነው። የባህል ሐኪሙ የስሚዛ ቅጠል ይጨምቃል፤ አንዳንዱ ክንድ ይተኩሳል። ብዙ ሰው ድኖ ይመሰክርለታል፤ ምክንያቱም አብዛኛው የወፍ በሽታ በራሱ የሚድን ነው። በውሃ የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤና ኢ ሳምንታት ቆይተው ይተዋሉ፤ ኢ ለእርጉዝ ሴት ገዳይ መሆኑ እንዳለ ሆኖ። ወባም ያበጫል። የሐሞት ጠጠርም ያበጫል፤ እሱ ግን ቁርጠትና ብርድ ብርድ ማለት ያስከትላል።

የካንሰሩ ቢጫነት ጠባዩ ሌላ ነው። ሳያም ይጀምራል፤ በየቀኑ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ይሆናል፤ ዓይነ ምድር ሐሞት ስለማይደርሰው እንደ ጭቃ ይነጣል። ቆዳ ያሳክካል፤ ሌሊት እንቅልፍ እስኪነሳ። ምግብ ያስጠላል፤ ልብስ ይሰፋል። አንዳንዴ ከቀኝ ጎድን ሥር እንደ እንቁላል ክብ የሆነ፣ ሲነካ የማያም ነገር ይዳሰሳል፤ መውጫ አጥቶ የተነፋ የሐሞት ከረጢት ነው። ስዊሳዊው ቀዶ ሐኪም ኩርቯዚየ በ1890 እ.ኤ.አ. ይህን ምልክት ሲጽፍ አልትራሳውንድ አልነበረም፤ ዛሬም እጅ ይበቃዋል። ቀጭን የነበረ በዕድሜ የገፋ ሰው በድንገት የስኳር በሽታ ሲጀምረውና ሲከሳም ቆሽቱ ይጠረጠራል።

> የካንሰሩ ቢጫነት ሳያም ይጀምራል፤ በየቀኑ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ አይመለስም።

ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ስሚዛውን ትቶ አልትራሳውንድ ወዳለበት መሄድ ነው። ምርመራው ቱቦው መስፋቱን በደቂቃዎች ያሳያል፤ የሰፋ ቱቦ ማለት ከታች የዘጋው ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ሲቲ ስካን ዕጢው ትልልቆቹን ደም ሥሮች መንካት አለመንካቱን ይናገራል። ካልነካ አሜሪካዊው አለን ዊፕል በ1935 እ.ኤ.አ. የጻፈው ቀዶ ሕክምና ይቻላል፤ የቆሽት ራስ፣ የትንሹ አንጀት መግቢያ፣ የሐሞት ከረጢትና የቱቦው ጫፍ አብረው ይወጡና የቀሩት ሦስት ጫፎች ከአንጀት ጋር እንደገና ይሰፋሉ። ሙሉ ቀን የሚፈጅ፣ ደም፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍልና የለመደ ቡድን የሚጠይቅ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ይሠራል። ብዙ በሠራ እጅ የሚሠራ ሰው የመዳን ዕድሉ የተሻለ መሆኑ በየአገሩ የታየ ስለሆነ፣ በየሆስፒታሉ ከመበተን በጥቂት ቦታ ማሰባሰቡ ይመረጣል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞቴራፒ ይቀጥላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የፈረንሳይና የካናዳ ጥናት አራት መድኃኒቶችን አጣምሮ ሲሰጥ ግማሾቹ ሕመምተኞች ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ቆይተዋል፤ በጄምሲታቢን ብቻ ከታከሙት ግማሾቹ የቆዩት ወደ ሦስት ዓመት ነበር። ለዚህ በሽታ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ለማይቆረጥ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲስፕላቲንና ጄምሲታቢን ተጣምረው ይሰጣሉ፤ ሁለቱም አሮጌና ከአዲሶቹ ይልቅ ርካሽ ናቸው።

አብዛኛው ሰው ግን ለመቆረጥ አይደርስም። ለእሱ የሚደረገው የተዘጋውን ሐሞት ማፍሰስ ነው፤ በጉሮሮ ወርዶ ቱቦው ውስጥ ስቴንት በሚያስቀምጥ መሣሪያ፣ ወይም እሱ ከሌለ ቱቦውን ከአንጀት ጋር በሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና። ካንሰሩን አያድንም። ማሳከኩ ግን ይቆማል፤ እንቅልፍ ይመለሳል፤ ምግብ ይበላል።

ጥሬ ሥጋ በዚህ ነገር ተጠርጥሮ ይነሳል። በታይላንድ የሐሞት ቱቦ ካንሰር የበዛው በጥሬ ዓሣ በሚገባ የጉበት ትል ነው፤ ያ ትል በኢትዮጵያ የለም። ቁርጥና ዱለት የሚያመጡት ኮሶ ነው፤ ቄራ ላይ በከብት ጉበት የሚታየው ትልም ለካንሰር መንስኤነት አልተመዘገበም።

የማይነገረው ስም

በሽታው ሥር ሰድዶ ሲገኝ የሚቀረው ማስታገስ ነው፤ እሱም በመመሪያው ውስጥ በጥቁር የተጻፈ ሕክምና ነው። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን፣ ከሆድ ውሃ መቅዳት፣ ማሳከክን ማብረድ። ብዙ ዘመድ ሞርፊን ሲባል የመጨረሻ ቀን የደረሰ ይመስለዋል። ባለሙያዎች የሚሉት ሕመም የሌለው ሰው ይበላል፣ ይተኛል፣ ኑዛዜውንም በሰከነ ልብ ያደርጋል ነው።

ሐኪሙ የካንሰሩን ስም የሚነግረው ብዙ ጊዜ ለታማሚው ሳይሆን ለታላቅ ወንድም ወይም ለአጎት ነው። ክፉ ወሬ በሽማግሌ፣ በጊዜው ይነገራል የሚለው የመርዶ ወግ እስከ ሆስፒታል ይከተላል። ወንድም ይደብቃል፤ ለእናት ጨጓራ ነው ይባላል፤ ለሠፈር ወባ። ከቀብር በኋላም ስሙ ሳይነሳ ይቀራል። ይህ ርኅራኄ በጉበት ካንሰር ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ቫይረሱ ሟቹን ያገኘው በሕፃንነቱ፣ ከእናቱ ወይም አብረውት ካደጉት ከሆነ፣ እህት ወንድሞቹም ሳይያዙ አይቀርም፤ ሚስቱና ልጆቹም እንዲሁ። ሟቹ ወባ ነው የገደለው ከተባለ ግን ከእነሱ የሚመረመር የለም።

በቤተሰቡ በጉበት በሽታ፣ በማይታወቅ የሆድ እብጠት ወይም በጎልማሳነቱ በወፍ በሽታ የሞተ ሰው ያለው ማንኛውም አንባቢ በአቅራቢያው ካለ ጤና ተቋም የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይጠይቅ፤ እህት ወንድሞቹንም ይዞ ይሂድ። ቫይረሱ የሌለበት ይከተባል፤ ያለበት በየስድስት ወሩ ጉበቱን ያሳያል፤ ኪኒን የሚገባው ይጀምራል።